ፊቱ የሚፋቀው ፈረሰኛ

አገሪቱ የት ናት ብላችሁ አትጠይቁኝ። ዙሪያዋን ባሕር ነው፣ ጭጋግ አይለያትም፤ ያወሩልኝ ሰዎችም ከዚህ በላይ አልነገሩኝም። በዚያች አገር ንጉሥ ነበረ፤ ንጉሡን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ከመጋረጃ ኋላ ይቀመጣል፤ ከመጋረጃው ኋላ መግባት የተፈቀደለትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ጎንበስ ብሎ በንጉሡ ጆሮ ይናገራል፤ ንጉሡ ያለውንም ይዞ ወጥቶ ለአገሩ ያሰማል። ስለዚህ «የጆሮ ጌታ» ይሉታል። ዝናብ ቢዘንብ የጆሮ ጌታ አሳስቦ ነው፤ ቢቀርም የጆሮ ጌታ ተቀይሞ ነው።

የንጉሡ መልክ አይሳልም፤ ነውር ነው። የሚሳለው የጆሮ ጌታው ነው። በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ጥቅል ጎመን የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ባንገቱ ዙሪያ አድርጎ፣ ካባውን ነፋስ እያነሳለት፣ በቀኝ እጁ በትር ጨብጦ። ይህ ምስል በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ፣ በወረቀት ታትሞ ለየቤቱ ይታደላል። የሚሰቀለው ከበሩ ትይዩ ነው። ከፍታውን የግድግዳ ሹሞች በዘንግ ይለኩታል። አንድ ጣት ዝቅ ካለ ንቀት ነው ይባላል፤ አንድ ጣት ከፍ ካለ ደግሞ ከዓይን ለማራቅ ነው ተብሎ ያስጠይቃል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ለምስሉ እጅ ይነሳል፤ ከዚያ ነው የቤቱን ሰው እንዴት ዋላችሁ የሚለው። ለምስሉ እጅ ሳይነሱ ሰውን ሰላም ማለት ክልክል ነው።

የጆሮ ጌታ እንደማንኛውም ሹም ይሾማል፣ ይሻራል። በተሻረ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሰው ሁሉ ምስሉን ከግድግዳው አውርዶ ያስረክባል፤ የአዲሱ እስኪታተም ይጠብቃል። ሰሌዳው ግን ምንጊዜም ያው አንድ ሰሌዳ ነው። ፈረሱ ያው ፈረስ፣ ካባው ያው ካባ፣ በትሩን የጨበጠውም እጅ ያው እጅ ነው። የሚፋቀው ፊቱ ብቻ ነው። ለምን ቢባል፣ በጥንት ዘመን የመጀመሪያው የጆሮ ጌታ ሲሻር ሸንጎው ሦስት ቀን ተቀምጦ ከመከረ በኋላ ፈረሱ ጥፋት የለበትም ብሎ ፈረደ። ካባውም በነጻ ተለቀቀ።

ይህን ሰሌዳ የሚፍቀውና የሚቀርጸው ሰው ቢያድግልኝ ይባላል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ጥበቡን ያስተማሩት የሚስቱ አባት ናቸው። ሚስቱ ትርንጎም ከአባቷ ሰሌዳ አጠገብ ስላደገች ማተሙ የእሷ ድርሻ ነው። ጥቀርሻውን በተልባ ዘይት ትለውሳለች፤ መዳቡን ትቀባለች፤ ትርፉን በመዳፏ ትጠርጋለች፤ ወረቀት አልብሳ በእንጨቱ መጭመቂያ ታሳልፈዋለች። ሁለቱም ከአንድ መስኮት ሥር፣ በአንድ ብርሃን ይሠሩ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው አንዳርጌ የሚባሉ ሰው የጆሮ ጌታ ሆነው በተሾሙበት ዓመት ነው። የትርንጎ አባት ሞተው ቢያድግልኝ ሰሌዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የያዘው ያኔ ነበር። ቀራጭ የጆሮ ጌታን የሚያየው አንድ ጊዜ፣ በመስኮት መስታወት በኩል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቢያድግልኝ አየ፤ ያየውንም ቀረጸ። የጌታ አንዳርጌ የግራ ዓይን ሽፋሽፍት ከልደታቸው ጀምሮ የወደቀ ነበር፤ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ግማሽ እንደተከደነ ይኖራል። ቢያድግልኝ ያንን ዓይን እንዳለ አስቀመጠው። ተንኮል አስቦ አይደለም። የሚያየውን ትቶ የማያየውን መቅረጽ ገና አልተማረም ነበር።

የግድግዳ አዛዡ ቸኮል መጀመሪያ የታተመውን ወረቀት አይቶ ደነገጠና ሕጉን ገለጠ። ሕጉ አጭር ነው፤ በጆሮ ጌታ ፊት ላይ ጉድለት ያሳየ ቀራጭ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ይቆረጣል። ቸኮል ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሕግ ሲያነብ ግን ጆሮው ሌላ አይሰማም። ቢያድግልኝን አደባባይ አውጥተው እጁን በግንድ ላይ አስተኙት። መጥረቢያ የያዘውም ሰው ቀረበ። ትርንጎ ሰው መሃል ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

በዚያን ሰዓት ነው ጌታ አንዳርጌ በእግራቸው ከግቢያቸው የወጡት። የጆሮ ጌታ በእግሩ ሲወጣ ታይቶ አያውቅም። ወረቀቱን ተቀበሉ። መስታወት አምጡልኝ አሉ። መስታወቱን በአንድ እጅ ምስሉን በአንድ እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያዩ። ከዚያም ለቸኮል እንዲህ አሉት፤

«ይሄ እኔ ነኝ። እናቴ ከመቃብር ብትነሳ የምታውቀኝ በዚህ ነው። አውራ ጣቱን ተዉለት።»

ይህን ብለው ገቡ። ቢያድግልኝ ለማመስገን አፉን እንኳ አልከፈተም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያ የወደቀ ሽፋሽፍት በአገሩ ሁሉ ግድግዳ ላይ ኖረ። ቢያድግልኝም ጠዋት ጠዋት እጁን ሲታጠብ አውራ ጣቱን ለብቻ ያጥበዋል። በዚያ ጣት መቅረጫውን ይይዛል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ሚስቱ ስትታመም ሾርባ ያጎርሳታል። ላመሰግናቸው ይገባኝ ነበር እያለ ለትርንጎ ያወራላታል። እሷም ሂድና አመስግን ትለዋለች። እሱ ግን የጆሮ ጌታ ደጅ በየቀኑ በአመስጋኝ እንደሚጨናነቅ፣ ያ ሁሉ ሰው ደግሞ አመስግኖ ሌላ ነገር እንደሚለምን ያውቃል። ከዚያ ሰልፍ መሃል መቆም አፈረ። ነገ ነገ ሲል ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። ጌታ አንዳርጌ ተሽረዋል ተባለ። ምክንያቱ አልተነገረም፤ «የንጉሡን ጆሮ አሳመሙ» ብቻ ተባለ። በቆላ በኩል ከሚወርደው ከቀዩ ወንዝ ዳር ተወስደው እዚያ እንዲኖሩ፣ ስማቸውንም ማንም እንዳይጠራ ተወሰነ። በምትካቸው ጥላዬ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ተሾመ።

በዚያች አገር የጆሮ ጌታ ሲሻር ሦስት ቀን የሚቆይ አንድ ሥርዓት አለ። «ምስጋና ማዛወር» ይሉታል። ከተሻረው ሰው በጎ ነገር የተደረገለት ሁሉ አደባባይ ይወጣል፤ በቸኮል ፊት ቆሞ ያንን በጎ ነገር ያደረገለት አዲሱ ሹም እንደሆነ ይናገራል፤ ቸኮልም በግንባሩ ላይ ማኅተም ያሳርፍበታል። ወይዘሮ ሽቱ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ አንድ ልጇ በሰው ወንጀል ታስሮ ጌታ አንዳርጌ ያስፈቱላት። እሷም ቀርባ ልጄን ያስፈቱልኝ ጌታ ጥላዬ ናቸው አለች። የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎችም ጎርፍ ሰው እየበላ በኖረበት መሻገሪያ ላይ ድልድይ የሠሩልን ጌታ ጥላዬ ናቸው አሉ። ድልድዩ ሲሠራ ጥላዬ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ቸኮል ትንሽ አሰበና «ከልጅነታቸው ጀምሮ አሳቢ ነበሩ» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ።

ቢያድግልኝ ላይ ሁለት ነገር ወደቀበት። አንደኛው የጌታ አንዳርጌን ፊት ከሰሌዳው መፋቅ ነው። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አደባባይ ወጥቶ ምስጋናውን ማዛወር ነው። በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ መፋቂያውን ይዞ ቀረ። ትርንጎ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በዚህ ጣት የእሳቸውን ፊት ልፋቅ?» አላት።

«ፋቀው» አለችው። «መዳቡ የመንግሥት ነው። ፊቱም ቢሆን ከእሳቸው ጋር ሄዷል፤ እዚህ የቀረው ጭረት ነው። አፍህ ግን የራስህ ነው። በአፍህ ምን እንደምትል እሱን አስብ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ፋቀ። መጀመሪያ ጢሙን፣ ቀጥሎ ግንባሩን፣ ቀጥሎ የቀኝ ዓይኑን አጠፋ። የግራውን ዓይን ወደ መጨረሻ አቆየው። ሲደርስበት መፋቂያውን አስቀምጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ትርንጎም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጦ የጎደጎደውን ከጀርባው በትንሽ መዶሻ እየመታ አስተካከለው። ስንት ሰው ተፍቆበት መዳቡ በዚያ በኩል እንደ ቅጠል ሳስቶ ነበር። በፈረሱ ላይ ከአንገት ጨርቁ በላይ ባዶ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን አደባባይ ቆመ። ቸኮል በጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ስሙን ጠራና ከተሻረው ሰው የተቀበለው ነገር ካለ ጠየቀው። ቢያድግልኝም «አለ፤ አውራ ጣቴ ነው» አለ። ቸኮልም ማኅተሙን አነሳ፤ የሚቀረው ትንሽ ቃል መሆኑን ስለሚያውቅ።

«ጌታ ጥላዬ ወደፊት ለሚያደርጉልኝ ሁሉ ከአሁኑ አመሰግናለሁ» አለ ቢያድግልኝ። ድምፁ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበርና የኋላዎቹ ጠጋ ብለው አዳመጡ። «አውራ ጣቴን የተዉልኝ ግን ጌታ አንዳርጌ ናቸው። ይህንን ለሌላ ሰው ማዛወር አልችልም። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዛወር ከሆነ መጀመሪያውንም ምስጋና አልነበረም።»

የተከለከለው ስም በአደባባይ ተጠራ። ወይዘሮ ሽቱ ግንባሯን በነጠላዋ ሸፈነች። ቸኮል ሕጉን ገለጠ። ያልተዛወረ ምስጋና ቢኖር፣ ይላል ሕጉ፣ ስጦታው ወደ መንግሥት ይመለስ። ስጦታው ደግሞ አውራ ጣት ነው። መጥረቢያ ያዡ ተጠራ።

ቸኮል ግን ድንገት ሌላ ነገር ታሰበው። የጌታ ጥላዬ ፊት አልተቀረጸም። በአገሩ ሌላ ቀራጭ የለም። አውራ ጣት ከተቆረጠ ፈረሰኛው ያለ ፊት ሊቀር ነው፤ ያለ ፊት የተሰቀለ ምስል ደግሞ ምን እንደሚያስቀጣ ሕጉ አይናገርም። ስለዚህ ነገሩን ለሸንጎ መራው። ሸንጎው ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ።

በእነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት የአገሩ ግድግዳ ሁሉ ባዶ ነበር። አሮጌው ምስል ተመልሷል፤ አዲሱ አልታተመም። ሰው ሰው ቤት ሲሄድ እጅ የሚነሳለት ነገር አጥቶ ደፍ ላይ ይቆማል፤ ለምስል እጅ ሳይነሳ ደግሞ ሰላም ማለት አይችልም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተፋጥጦ ዝም ብሎ ይመለስ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ሽቱ የትርንጎን ሁኔታ ለማየት መጣች። ደፉ ላይ ቆማ ባዶውን ግድግዳ አየች፤ ትርንጎን አየች። ከዚያም «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ» አለቻት። ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ለፈረስ እጅ ከነሳ በኋላ የሚተርፈውን ሰላምታ ስትቀበል የኖረች ናት፤ እጇን ይዛ አስገባቻት። በማግስቱ ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። የግድግዳ ሹሞች ዘንጋቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ የሚለካ ነገር ስለሌለ ግን ማንንም አልከሰሱም።

ሸንጎው በዐሥራ አንደኛው ቀን የወሰነው ይህ ነው። ቢያድግልኝ መጀመሪያ ጌታ ጥላዬን ይቅረጽ፤ ለአገሩ የሚበቃው ከታተመ በኋላ አውራ ጣቱ ይመለስ። ይህን ስትሰማ ትርንጎ እምቢ በል አለችው። እሱ ግን ሥራዬን ሠርቼ የሚመጣውን አየዋለሁ አላት። ከዚያ ወዲያ አላነሳችበትም፤ ግን በዚያ ሳምንት ውስጥ እህል አልቀመሰችም።

ጥላዬን የሚያይበት ሰዓት ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲህ ቢያድግልኝ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ወጣቱ ሹም ተቀመጡ። መነጋገር ክልክል ነው። ጥላዬ ቆንጆ ልጅ ነበር፤ የታችኛውን ከንፈሩን ግን በጥርሱ ይነክሳል፤ ተነክሶ ተነክሶ ቆስሏል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ጥላዬ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተው።

«ያ ሰው አውራ ጣትህን ሲተዉልህ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ቢያድግልኝ ነገረው። ስለ መስታወቱ፣ ስለ እናታቸው፣ በእግራቸው ስለ መውጣታቸው ሁሉ ነገረው። ጥላዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የተሻርኩ ቀን እንዲህ የሚልልኝ ሰው ይኖር ይሆን?» አለ።

«ጌታዬ፣ ያ ከሚሻሩበት ቀን በፊት የሚሠራ ነገር ነው» አለው ቢያድግልኝ።

ጥላዬ መስኮቱን ዘጋ፤ ቀሪውን ግማሽ ሰዓት እንደ ሥርዓቱ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ግን ሸንጎውን አስጠርቶ አንድ ነገር ጠየቀ። ስጦታ ይመለስ ይላል ሕጉ፤ እሺ ይመለስ። ግን ያ አውራ ጣት ተሰጥቶት ነው ወይስ ሳይወሰድበት የቀረ ነው? ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ ጣት ነው። አንዳርጌ አልሰጡትም፤ አልወሰዱበትም እንጂ። ያልተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል? ሸንጎው ተያየ። ቸኮል ሕጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበና ይህን የሚቃወም ቃል አላገኘሁም አለ። ይህን ሲል ከአደባባዩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ተመለሰ ይባላል።

ስለዚህ ጣቱ ተረፈ። ቢያድግልኝም ጥላዬን ከተነከሰ ከንፈሩ ጋር ቀረጸው። ቸኮል ወረቀቱን አይቶ ወደ ጥላዬ ዞር አለ፤ ጥላዬም ተወው ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሌላ ጥፋት ግን ቀርቶ ነበር፤ የወደቀን ሰው ስም በአደባባይ መጥራት። የዚህም ሕግ ተጽፏል። «የወደቀን ሰው ስም የጠራ፣ ስሙን ወስዶ ለባለቤቱ ያስረክብ፤ ባለቤቱም መረከቡን በሁለት ምስክር ፊት አቤት ብሎ ያረጋግጥ።» ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሩቅ አገር መላክን ከባድ ቅጣት አድርገው አስበውት ነው። ለአገሩ ሁሉ የሚበቃው ምስል እንደታተመ ቢያድግልኝ ወደ ቀዩ ወንዝ እንዲሄድ፣ ዝናሙ ሳያባራም እንዳይመለስ ተፈረደበት። ፍርዱን ስትሰማ ትርንጎ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለውን መንገድ መንግሥት በትእዛዝ አስጀመረው።

ማተሙ ሰባት ወር ፈጀ። ትርንጎም አብራው ልትሄድ ነበርና የሚሄዱበት ሳምንት ሲደርስ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ይመጡ ጀመር። ለምስሉ እጅ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናም ያወራሉ፤ ሲነሡ ግን ወደ ቢያድግልኝ ጆሮ ጠጋ ይላሉ። መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ሽቱ ናት። ከበግ ጠጉር በእጇ የሠራችው ቆብ ሰጠችውና፣ ልጄ አግብቶ ወልዷል በልልኝ፣ ያን ቀን አደባባይ ላይ የተናገረው አፌ ነው በልልኝ አለችው። የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች መጡ፤ ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ውኃ አንድ ሰው አልወሰደብንም በልልን አሉ። ቢያድግልኝ እንዳይረሳ በየቀኑ ለትርንጎ ይደግምላታል፤ እሷም ታርመዋለች።

ከከተማው በር ላይ ደግሞ ቸኮል ራሱ የጉዞ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ጠበቃቸው። ወረቀቱን ሰጠ፤ ማኅተሙን አሳየ፤ የሕጉን ቃል አነበበ። ከዚያ ዘበኞቹን ራቅ በሉ አላቸው።

«እናቴ በሞተችበት ዓመት ግድግዳዋን ለማስለሰን ምስሉን አውርዳ ነበር» አለ። «ሰባት ቀን ባዶ ተገኘ። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሕጉ ሌላ አላውቅም። እሳቸው ግን ክሱን አይተው፣ ቤት ሲለሰን እኔም ብሆን ደጅ እወጣለሁ አሉና ቀደዱት። እናቴ በቤቷ ሞተች። ይህን ንገርልኝ። እኔ እንዳልኩ አትናገር... አይ፣ እኔ እንዳልኩ ንገራቸው።»

ዐሥራ ሁለት ቀን ተጓዙ። ቀዩ ወንዝ ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተዘርግቶበታል። አንድ ሽማግሌ በዚያ ገመድ እየጎተቱ በታንኳ ሰው ያሻግራሉ። የመንደሩ ሰው ስማቸውን መጥራት ስለተከለከለ ሲፈልጋቸው በከንፈሩ ያፏጫል። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል፤ የግራ ዓይናቸው ግን እንዳለ ነው። ቢያድግልኝ ከሩቅ አወቃቸው።

ሥርዓቱ መጀመሪያ ስሙን ማስረከብ ነው። ትርንጎና አንድ የመንደሩ ሰው ምስክር ሆነው ቆሙ። ቢያድግልኝ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ግን ሳይጨርስ አጠፈውና ጠራቸው።

«ጌታ አንዳርጌ።»

ሽማግሌው ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ከሰባት ወር በላይ ከማንም አፍ ያልሰሙት ቃል ነው። ዞር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው መኖሩን አዩ፤ ማንም አልነበረም።

«አቤት» አሉ።

ምስክሮቹ ሰምተናል አሉ። ሥርዓቱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ቢያድግልኝ ግን በወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸውና ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ነገራቸው። ጣቱን አሳያቸው። አንዳርጌ ጣቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ቆይተውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላስታውስም» አሉ። «ልዋሽህ አልችልም ልጄ፤ መስታወቱንም አላስታውስም። ጣታቸውን ያስቆረጥኩባቸውን ግን አስታውሳለሁ። አራት ናቸው። እዚህ ተቀምጬ የማስበው እነሱን ነው።»

«እነሱ የራሳቸውን ይንገሩዎት» አለ ቢያድግልኝ። «እኔ የራሴን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ እጅ ሚስቴን አጉርሻለሁ፤ ዐሥራ አራት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። እርስዎ ባያስታውሱትም ተደርጎልኛል።»

ሽማግሌው ጣቱን ቀስ ብለው ለቀቁት። የተከፈተው ዓይናቸውም ያ ግማሹ የተከደነውም እንባ ሞላ። እዚያ ደጅ በነበርኩ ጊዜ አመስጋኝ በየቀኑ ይመጣ ነበር አሉ ቆይተው፤ አንዱንም አላመንኩም፤ ከምስጋናው ኋላ ልመናው ሲመጣ አየዋለሁ። አንተ ምን ትለምነኛለህ? ምን አለኝና። ስለዚህ አምንሃለሁ አሉት።

ከዚያ ትርንጎ የወይዘሮ ሽቱን ቆብ አወጣች። ቆቡን ራሳቸው ላይ አደረጉት። የልጇን መውለድ ሲሰሙ ስሙ ማን ተባለ ብለው ጠየቁ። የድልድዩን ሲሰሙ ስንት ዓመት ሙሉ ማለት ነው ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። የቸኮልን ሲሰሙ ግን ሳቁ፤ ሳቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማ ይመስል የመንደሩ ሰው ዞሮ አየ። እናቱ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ቸኮልም ክፉ ልጅ አይደለም አሉ፤ ማንበብ አበዛ እንጂ።

ይህን እያወሩ ከወንዙ ማዶ ሰዎች አፏጩ። ሸክም የያዙ ገበያተኞች ናቸው፤ ዝናም ሳይመጣ መሻገር ፈልገዋል። አንዳርጌ ተነሥተው ገመዳቸውን ያዙ። ቢያድግልኝም አጠገባቸው ገብቶ ያዘ፤ ትርንጎ ከኋላ ሆነች።

«እየተሻገርን ንገረኝ» አሉት ሽማግሌው። «የሚቀጥለው የማን ነው?»

የሚቀጥለው የአንድ ሸማኔ ነበር። እሱን ነገራቸው፤ ከእሱ ቀጥሎ የአንዲት አዋላጅ፤ ከእሷ ቀጥሎ ስሙን ሊናገር ያልፈለገ ሰው። ማዶ ደረሱ። ገበያተኞቹ ተሳፈሩ። ቢያድግልኝ ይዞት የመጣው ግን ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር፤ ስለዚህ ገመዱን ሳይለቅ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ፤ ሦስቱም እየጎተቱ ተመለሱ።